በተዝካሬ የታረደችው ጊደር

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤ ኡም ጋርጉር።

እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? በዚያ አቧራ መቼም ሳል የሚለቅ አይመስለኝም። ዓይንሽስ? ጉልበትሽስ? እኔ ከሞትኩ ወዲህ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ፤ ፊትሽም ጠርቷል ይሉኛል። ኸሊልም ደህና ነው። ስሙን መስማት እንደማትወጂ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ለእናትሽ ሰላም በይልኝ ስላለኝና የሰው አደራ መብላት ስለማልወድ አድርሻለሁ። ታናሽ እህቴ ማሬ እንደምን ናት ብዬ አልጠይቅሽም። እንዴት እንደሆነች ጀማሉ አይቶ መጥቶ ነግሮኛል። የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው፤ ስለ እሷ ባይሆን ኖሮ ወረቀት አላባክንም ነበር።

ጀማሉ ማለት ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሰው ነው፤ የኸሊልን ዱራ፣ ማሽላውን፣ ከገዳሪፍ ወደ ሾዋክ የሚያመላልስ የሎሪ ሾፌር። የሚያነቡልሽ ደግሞ መሪጌታ ወልደ ማርያም እንደሆኑ አውቃለሁ። ከአገራችን ሰዎች መካከል እዚያ የስደተኞች ሠፈር ፊደል የሚለዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

መሪጌታ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እናቴ በቀኝ ጆሮዋ አትሰማምና ጮክ ብለው ያንብቡላት፤ ሰው ቢሰበሰብም አይከፋኝም። አደራ የምልዎ መስመር እንዳይዘሉ ብቻ ነው። ጀማሉ ማንበብ አይችልም፤ እኔ ግን ከማሸጌ በፊት ከላይ እስከ ታች አንብቤለታለሁ። የሰማውን የማይረሳ ሰው ነው፤ እስኪጨርሱ ድረስ አጠገብዎ ይቆማል።

መጻፍ የት ተማረች ትዪ ይሆናል። ከሞትኩ በኋላ ነው የተማርኩት። ኸሊል ነው ያስተማረኝ፤ እሱ ጎንደር ከተማ ሱቅ ከነበራቸው ሰዎች ተወልዶ ትምህርት ቤት የገባ ነው። ከሱቁ ሲመለስ የዱራ ጆንያ ላይ በከሰል እየጻፈ ፊደል አስቆጠረኝ። አንቺ ቤት በሕይወት ሳለሁ ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ብለሽ ከደጀ ሰላሙ በጆሮዬ ጎትተሽ መልሰሽኛል። ይኸው ምን እንደሚያደርግላት ዛሬ ትሰሚያለሽ።

ስለምኖርበት ሠፈር አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂምና እኔው ልንገርሽ። ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። እኔ ስመጣ የሣር ጎጆና የእሾህ አጥር ብቻ ነበር፤ ጅብ እንደ ጎረቤት ይመላለስበት ነበር። ከዚያ ሰሊጥ ዋጋ ሲያወጣ ሰዉ ሁሉ ጎጆውን እያፈረሰ ጡብ ደረደረ፣ ቆርቆሮ መታ። ኸሊልም ሁለት ክፍል ሠራ፤ አንዱ ለሟች እናቱ ነበር፣ አሁን ባዶውን ነው፣ ኖራ አስቀብቼዋለሁ። ዘንድሮ ደግሞ በየጡቡ ግድግዳ ጥላ ሥር ሰው ተኝቷል። ከእኛ አገር የመጣ አለ፣ ከትግራይ የመጣ አለ፣ ከብቱና ግመሉ አልቆበት ከምሥራቅ ተራሮች የወረደ የዚሁ አገር ሰውም አለ። ጥላው ሲዞር አብረው ይዞራሉ። ሎሪ ዱራ ሲያራግፍ ሴቶቹ መጥረጊያ ይዘው ይሮጣሉ፤ የፈሰሰውን ከጥቁሩ አፈር ጋር ይጠርጉና ሲያንገዋልሉ ይውላሉ። ከአፈሩ የሚቀረው እህል ለአንድ ልጅ ገንፎ አይሞላም።

በሠፈራችን በቀን ሽንኩርት የሚጠብስ ሰው ጠፍቷል። ሽታው ሰው ይጠራል። ጎረቤቴ ራሒማ ድሮ ወጧ ሲደርስ በአጥሩ በኩል ሳህን ሳታቀብለኝ ውላ አታውቅም ነበር፤ አሁን የደረቀ ባሚያ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ በሯን ዘግታ ነው የምታበስለው። ሳህኑ ቀርቷል። አፍራ ነው መሰለኝ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ፀሐዩ ብቻ ታወራልኛለች። ከብት ግን ረክሷል። ሣር የጠፋበት ዘላን ሁሉ ላሟ ሳትሞትበት ይሸጣታል፤ ገዢ ካጣም በአንድ ጆንያ ዱራ ይለውጣታል። ስለዚህ ቂጣ ያጣ ቤት ሥጋ ይበላል፤ እንዲህ ያለ የተገለባበጠ ዓመት ነው።

እኔ ሽንኩርቴን በጠራራ ፀሐይ እጠብሳለሁ፤ በሬንም አልዘጋም። ደግ ስለሆንኩ አይምሰልሽ። የአገሬ ሰው ሽታውን ተከትሎ ሲመጣ ማየት ደስ ይለኛል። ይመጡና መጀመሪያ የሚጠይቁት ምግብ አይደለም፤ የማን ቤት ነው ይላሉ። የኸሊል ቤት ነው፣ ሥጋውንም ቢስሚላሂ ብሎ ያረደው እሱ ነው እላቸዋለሁ። አልደብቅም። አንዳንዱ እዚያው ቁጭ ይላል። አንዳንዱ ማተቡን ጨብጦ ይመለሳል፤ ግን ሩቅ አይሄድም፣ ከጥጉ ላይ ቆሞ ጎኑን ይይዛል። የጾም ሽሮም እንዳለኝ የምነግራቸው ትንሽ ካቆምኳቸው በኋላ ነው። ጭካኔ ነው፤ አውቃለሁ። ከማን እንደወረስኩት ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ሞቴ ልምጣ፤ አሟሟቴን ከእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም።

አንቺ የዳርሽልኝ አስናቀው ለሰሊጥ አጨዳ ይዞኝ ወረደ። እሱ ሲያጭድ እኔ ለሠራተኞቹ ሳበስል ከረምን። አጨዳው ሲያልቅ ገዳሪፍ አስገብቶ የመኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር አስቀመጠኝና ጨው ገዝቼ ልምጣ ብሎ ሄደ። በዚያው አገሩ ገባ። በኋላ እንደሰማሁት የሚያገባት ሌላ ሴት ነበረችው። ሚስትህን የት ጣልካት ሲሉት መልሱን መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር፤ ማተቧን በጥሳ ከእስላም ጋር ቀረች አለ። አንቺም አመንሽው።

አንድ ሰው ልከሽ አልጠየቅሽም። በያመቱ የስንቱ ሰው ልጅ ለሰሊጥ ወደዚህ ይወርዳል፤ አንዱን እስቲ አይተሃት ና አላልሽም። ሀፍረቱ ቀደመብሽ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ለቅሶ ተቀመጥሽ፣ ሙሾ አስወረድሽ፤ አርባዬን ቆጥረሽ ዳስ ጣልሽ፣ ካህናቱን ጠርተሽ ተዝካሬን አወጣሽ። ያረድሻት ጊደር የእኔ ነበረች፤ ስዳር አባቴ የሰጠኝ፣ ያቺ ቦቃዋ። ከእጄ ጨው እየላሰች ነው ያደገችው። ለነፍሷ ይሁን ብለሽ እሷን አስበላሽ። በሕይወት ያለ ሰው ከብት አርዶ ለነፍሱ ማብላት ያንቺ ብልሃት ነው፤ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በዚያን ጊዜ እኔ ምን እበላ እንደነበር ልንገርሽ። ኸሊል ቤት ተቀጥሬ ነበር፤ ሚስቱ ሞታበት ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖር ነበርና ለሁለቱ አበስላለሁ። ሥጋቸውን በእጄ እበልታለሁ፣ እቀቅላለሁ፤ ጨው መብቃቱን ግን የማስቀምሰው አሮጊቷን ነበር። እኔ የዱራ ቂጣዬን በበርበሬ ውሃ እየነከርኩ ጥጌን ይዤ እበላ ነበር። አሮጊቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጄ ሰውነትሽ እኮ አለቀ፣ ትንሽ መረቅ ምን አለበት ትለኛለች። እምቢ እላለሁ። እምቢ ስል የማስበው አንቺን ነበር። ስመለስ እናቴ ፊት ቀና ብዬ እቆማለሁ እል ነበር። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነበር፤ በላብ አልቆ ሲበጠስ ከኸሊል ሱቅ ክር ለምኜ አዲስ ገመድኩ።

እንዲህ ስኖር አንድ የጭልጋ ሰው ገበያ መካከል አየኝና የያዘውን ጥሎ አማተበ። ምን ሆነሃል ስለው ተዝካርሽን በልቼ ነው የመጣሁት አለኝ። ስለ ለቅሶው፣ ስለ ዳሱ፣ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰልኝ ሁሉንም ነገረኝ። ስለ ጊደሯም የነገረኝ እሱ ነው፤ ሥጋዋ ለምለም ነበር አለኝ። ሰውየው ክፋት አልነበረውም፤ የበላውን ማመስገኑ ነው።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ድስቱን አወረድኩ። ከሥጋው በሳህን አወጣሁ። ተቀምጬ በላሁ። እናቴ፣ የመጀመሪያዬ እሱ ነው። አንቺ ያለቀስሽበት ኃጢአት እስከዚያ ቀን ድረስ አልተሠራም ነበር፤ ተዝካሩ ቀደመው። አሮጊቷ ስበላ አየችኝና ደስ ይላታል ስል አለቀሰች። ማተቤን የፈታሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ኸሊልን ያገባሁትም ብዙ ቆይቶ ነው፤ ስሜንም ዘኪያ አሉኝ። አስገድዶኛል እንዳትዪ፣ የምትመለሽበት ቤት ካለሽ መኪና ላሳፍርሽ ብሎኝ ነበር። የምመለስበት ቤት ተዝካሬ ተበልቶበታል አልኩት።

ዘንድሮ አገር ሲነቀል እናንተም እንደወጣችሁ ሰማሁ። ወንድሜ ካሣ መተማ ሳይደርስ መንገድ ላይ መቅረቱንም ሰማሁ። ለእሱ ዳስ አልተጣለለትም፣ ጊደርም አልታረደለትም፤ አፈር የመለሰለት ሰው መኖሩን እንኳ የነገረኝ የለም። ለእሱ አልቅሻለሁ። አንቺ ስላላየሽኝ አላለቀሰችም እንዳትዪ። እናንተን የጫነው መኪና ውሃ ሊቀዳ ገዳሪፍ ቆሞ ነበር፤ አብረውሽ የነበሩት ልጅሽ እኮ እዚህ ከተማ ናት ሲሉሽ እዚህ ልጅ የለኝም ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ። ይህንንም አድርሰውልኛል፤ ክፉ ወሬ የሚያደርስ ሰው በራብ ጊዜም አይጠፋም።

እንዲያም ሆኖ መጣሁልሽ። ዱቄት፣ ቅቤና ቋንጣ አስጭኜ ከጀማሉ ጋር ሾዋክ አደርኩ፣ በጠዋት ኡም ጋርጉር ደረስኩ። አንቺ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጠሻል። ማሬን አየኋት። ስሄድ ጀርባሽ ላይ ታዝላ የነበረች ልጅ፤ አንገቷ ቀጥኖ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ፀጉሯ የበቆሎ ጢም መስሎ። ዓይኗ የካሣ ዓይን ነው። እጄን ስዘረጋላት አንቺ በነጠላሽ ፊትሽን ጋረድሽና ሙት ናት፣ አትያት፣ ልትወስድሽ ነው የመጣች አልሻት። ልጅቷ ጮኸች። ጮኻ ጨርቁ ሥር ገባች፤ ከዚያም ሆና አስወጧት አስወጧት ትላለች። ብዙ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን አልሰማሁም።

ከዚያ ቅቤውን ተቀበልሽኝ፤ እጄ እንዳይነካሽ በቀሚስሽ ጫፍ ይዘሽ። የወሰድሽው መስሎኝ ነበር። መሬት ላይ ደፋሽው። ቋንጣውንም ለውሾች በተንሽ። አጠገባችን ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ከውሾቹ ጋር ሊሻማ ብድግ ብሎ አንቺን አይቶ ቁጭ አለ። ማሬ ከጨርቁ ሥር አጮልቃ ውሾቹ ሲበሉ ታያለች፤ ከእነሱ ጋር መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያኔ ነው የጠላሁሽ። ለእኔ ስላደረግሽው አይደለም፤ ያንን ለምጄው ነበር። ጀማሉ ይመስክር፣ እስከ ሾዋክ ድረስ አንዴም ሳላለቅስ ስሰድብሽ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ፣ ዱራ ሲቆረጥ፣ አንድ የአገራችን ሰው የቀን ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ስሙን አልጠራም። ሸምገል ያለ ነው፤ ጥምጥሙን ከመግባቱ በፊት አውርዶ ጉያው ውስጥ ከቶት ነበር፣ ግንባሩ ላይ ግን የጥምጥሙ ሥፍራ ነጣ ብሎ ይታያል። ድምፁን ገና እንደምን ዋላችሁ ሲል አወቅሁት፤ ፍትሐት ሲፈታ ድንጋይ የሚያስለቅስ ድምፅ ነው። ለእኔም ፈትቶልኛል። ከጊደሬም ታናሹ ብልት አልደረሰውም፤ የጭልጋው ሰው ነግሮኛል። እሱ ግን መጀመሪያ አላወቀኝም። በሱዳን ሴቶች ረጅም መጎናጸፊያ፣ በቶብ፣ ተጠቅልዬ ነበር፣ ደግሞም ሙት በር ይከፍታል ብሎ አልጠበቀም።

እንደ ማንም ሰው የማን ቤት ነው አለ። እንደ ማንም ነገርኩት። ለእሱ ግን፣ ስለ ድሮ ክብሩ፣ ሽሮም እንዳለ ወዲያው ነገርኩት። ቆመ። ዞሮ ደጁን አየ፤ ማንም አልነበረም። ከዚያ ልጄ፣ ሽሮውን ተይው አለኝ። እናቴ፣ እንዴት እንደበላ ብታዪው። ነጠላውን እንደ አገራችን ወግ አፉ ላይ ጋርዶ፣ አጥንቱን እስኪነጣ ጋጠው። እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር፤ መብላቱን ግን አላቆመም። አልጠላሁትም። የራበው ሰው ነበር፣ እንደ ራበው ሰው በላ። ሲጨርስ እጁን ታጠበ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። እንደገና ታጠበ።

እዚህ ላይ አንባቢሽን ሳል ቢይዛቸው ውሃ ስጪያቸው። መሪጌታ፣ ይቀጥሉ፣ የቀረው ብዙ አይደለም።

ለማንም አልናገርብህም አልኩት፤ በአንድ ነገር ከተስማማን። ወደ ሠፈራችሁ በተመለሰ ቁጥር ከእኔ ወይም ከጀማሉ እጅ ስንቅ ተቀብሎ፣ የገዳሪፍ የማርያም ማኅበርተኞች የላኩልሽ ነው ብሎ እንዲሰጥሽ። እንዲህ ያለ ማኅበር የለም፤ ሙሴዋም ማኅበርተኛዋም እኔ ነኝ። ቋንጣ ላክሁ፣ ቅቤ ላክሁ፣ በስብ የታሸ ድርቆሽ ላክሁ። ሥጋው ሁሉ ኸሊል ያረደው ነው። አንቺም እመቤቴ አልጣለችኝም ብለሽ ከረጢቱን ተሳልመሽ በላሽ። ማሬም በላች፤ በልታ ተነሣች። ጀማሉ በገና ሰሞን ሲያልፍ ከልጆች ጋር ስትሮጥ አይቷታል።

የላክሽብኝን ቃል ያደረሰልኝም እሱ ነው። ለዚያች ሙት ንገራት፣ አምላኬ ያለ እሷ እጅ አበላኝ ብለሽዋል። ይህን ሲነግረኝ ያንቺን ቋንጣ እየዘለዘልኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ ሳቅሁ። ራሒማ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ምን ነካሽ አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት፤ እኔም ስለ ፀሐዩ አወራኋት።

ከጥምቀት ወዲህ ግን ሰውየው ቀረ። ሌሎቹ ስደተኞች የትኛው ማኅበር ነው፣ እኛስ ክርስቲያን አይደለንም ወይ እያሉ ሲያፋጥጡት ፈራ። ጀማሉ ከረጢቱን ሊሰጠው ቢፈልገው ይሸሸው ጀመር። በእሱ ፍርሃት ማሬ የምትበላው ቀረ። ባለፈው ሰሞን ጀማሉ ሲያልፍ ተኝታ አገኛት፤ ዝንቡን ከፊቷ አታባርርም አለኝ። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ወተትና መረቅ ካላገኘች አትሰነብትም ሲሉሽ፣ ሁዳዴ ነው፣ ሰባት ዓመት አልፏታል፣ ትጾማለች አልሻቸው አሉ። ይህን ጀማሉ ሲነግረኝ ኸሊል አጠገቤ ነበር። ሰላም በይልኝ ያለኝ ሰው ያን ዕለት ምሳውን ሳይበላ ተነሣ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሎ ቀርቷል። ቋንጣውን ያዘጋጀሁት ባንቺ ሙያ ነው። በርበሬውን ከኮሰረት ጋር ደቁሶ፣ ጨዉን መጨረሻ ላይ ነስንሶ፣ ፀሐይ ሳያሳዩ ነፋስ ላይ መስቀል። በአገራችን እንዲህ የምታደርግ ሌላ ሴት የለችም፤ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚያሰጣው። አንቺ ደግሞ ሠርግ ቤት ገብተሽ ወጡን ቀምሰሽ የማን እጅ እንደሆነ የምትናገሪ ሴት ነሽ። መጀመሪያ ቀን ከረጢቱ ሲሰጥሽ ጀማሉ ከመኪናው ሆኖ አይቶሻል። ፈታሽው፣ አሸተትሽው፣ ቆየሽ። ከዚያ ልጅቷን እንኳ ሳትጠሪ አንዷን ቁራጭ ጀርባሽን ሰጥተሽ ብቻሽን በላሽ። ታዲያ የልጅሽን እጅ አላወቅሽውም? ወይስ አውቀሽዋል? መልሺልኝ አልልሽም። የትኛውንም መልስ ብትሰጪኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እንግዲህ ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ በእኔ ላይ የፈረድሽበት ነው። የእስላም ሥጋ የበላ ሞቷል። ማሬ በልታለች፤ በገዛ እጅሽ አጉርሰሻታል። ስለዚህ ማሬ ሞታለች። ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ደጃፍሽ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ያውቀዋል። ማን ያገባታል፣ ማን ጽዋ ያጣጣታል ብለሽ የምትሰስቺለት ስም አልቀረላትም። ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት። አንቺን ለማዋረድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላም መንገድ አላጣም ነበር፤ ግን ስሟ እስካለ ድረስ ለስሟ ብለሽ እንደምትገድያት አውቃለሁ።

ስለዚህ ለእኔ ያደረግሽውን አድርጊላት። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ተቀመጪ። አልቅሺላት፤ አንቺ ስታለቅሺ እንደሚያምርብሽ ሰምቻለሁ። ጊደር ባይኖርሽ ከእርዳታው ስንዴ ንፍሮ ቀቅዪ። መሪጌታም ይፍቱላት፤ ይህን ያህል ካነበቡ በኋላ ድምፃቸው እሺ ካላቸው። ከዚያ ልጅቷን በጨርቋ ጠቅልለሽ ለጀማሉ አቀብዪው። አልቅሰሽ የጨረስሻት ልጅ ምን ታደርግልሻለች? እኔ ጋ ወተት አለ፤ ላሟ ግቢያችን ውስጥ ነው የታሰረችው። ማሬ ብዬ እጠራታለሁ እንጂ ስሟን አልለውጥም። ማተቧንም ማንም አይነካባትም፤ ኸሊልንም አስምዬዋለሁ። ስትድን ሽሮ አምሮኛል ካለችኝ ሽሮ እሠራላታለሁ።

እምቢ ካልሽ ደግሞ ልጅቷ እዚያው ጨርቅ ላይ ትሞታለች። እውነተኛው ለቅሶ ያኔ ይመጣል፤ ለእኔ ካለቀስሽው ጋር እያስተያየሽ ታለቅሺዋለሽ። የሚያጽናናሽ ሰው ከእኔ በኩል አይመጣም።

ጀማሉ ንባቡ እንዳለቀ ሞተሩን ያስነሣል። የሎሪው ጋቢና ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ይይዛል። ይህን የምጽፈው መኪናውን እንድታውቂው ብዬ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው መቀመጫ እግር ያዘረጋል፤ ጉልበት ለሚቆረጥመው ሰው ይመቻል ይላሉ።

አምላክሽ፣ የእኔም ያው እሱ ነው፣ ከሳሉ ይማርሽ። የምትበዪውን አያሳጣሽ፤ የሚያበላሽንም እጅ ለይተሽ የምታዪበት ዓይን ይስጥሽ። መሪጌታ፣ ስለ ንባብዎ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሲመጡ በሩ እንደ ድሮው ክፍት ነው።

የማሬ እህት